ለትርኢት በሚቀርብ ፈረስ ጋማ ላይ ፀጉር የመቀጠል አሠራር

ጋማው የሳሳ ወይም ቦታ ቦታው ላይ የተበጠሰ ፈረስ ለሠርግ ሰረገላ፣ ለጥምቀት አጀብ ወይም ለፈረስ ትርኢት ለማቅረብ የሚያስብ ባለቤት ሁለት መንገዶች አሉት፤ አንደኛው ፀጉሩ በወር ከ1 እስከ 2 ሴንቲ ሜትር እያደገ ጎደሎውን እስኪሞላ ወራትን መታገሥ ሲሆን፣ ሁለተኛው ለዕለቱ ብቻ የሚያገለግል ፀጉር መቀጠል ነው። ይህ መመሪያ የሚመለከተው ሁለተኛውን ነው። በሐረርና በድሬዳዋ መካከል እየተመላለስኩ ፈረስ ሳዘጋጅ በኖርኩባቸው ዓመታት ከሁሉ በላይ የጠበቅኩት አንድ ደንብ አለ፤ ይኸውም የተቀጠለው ፀጉር አንድ ነገር ሲይዘው ቀድሞ መበጠስ ያለበት ያሰርንበት ክር እንጂ የፈረሱ ፀጉር አይደለም የሚል ነው። ከዚህ በታች ስለ ክር ምርጫ፣ ስለ ጉንጉን ውፍረትና ስለ ዘለላ ክብደት የምጽፈው ሁሉ ከዚህ ደንብ የሚነሣ ነው።

ደንቡን የተማርኩት በስሕተት ነው። ሥራውን በጀመርኩበት ሰሞን በአንድ ዳማ ፈረስ ጋማ ላይ የቀጠልኩትን ፀጉር፣ ጠንካራ ይሁን ብዬ በናይለን ክር አሰርኩት። ፈረሱ ከግቢ ሲወጣ አንዱ ዘለላ በበሩ መቀርቀሪያ ተያዘ፤ ፈረሱ ደንግጦ አንገቱን ሲመነጭቅም ክሩ አልበጠስ በማለቱ የመዳፍ ስፋት ያህል ጋማ ከነሥሩ ተነቀለ። ቁስሉ ቶሎ ቢድንም ፀጉሩ ከሌላው ጋር እስኪስተካከል ከአንድ ዓመት በላይ ፈጅቷል። አሁንም ያንን ፈረስ ባሰብኩ ቁጥር አዝናለሁ፤ ይህን የሚያነብ ሰውም በዚያ መንገድ እንዳይማር እፈልጋለሁ።

ከሁሉ በፊት ቆዳውን መመርመር

ጋማ ያለ ምክንያት አይሳሳም። በድሬዳዋ በጋሪ ሥራ ላይ የዋለ ፈረስ ብዙ ጊዜ ጋማው የሚበላው ወደ ትከሻው አካባቢ ነው፤ የጋሪው ጠፍር እየተመላለሰ ስለሚፈትገው። በሌሎች ፈረሶች ላይ ደግሞ ምክንያቱ የተናካሽ ነፍሳት ማሳከክ፣ ቅማል፣ እከክ ወይም ጭርት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ከበዓሉ ቢያንስ ከሁለት ሳምንት በፊት ጋማውን በጣትዎ እየከፈሉ ከጆሮው ሥር እስከ ትከሻው ድረስ ቆዳውን በቀን ብርሃን ይመልከቱ። ቅርፊት፣ እርጥበት ያለው ቁስል፣ ክብ ሆኖ የተመለጠ ቦታ ወይም ሲነኩት ፈረሱ የሚሸሸው ያበጠ ቦታ ካገኙ ሥራውን ያቁሙና ለእንስሳት ሐኪም ያሳዩ። በተለይ ክብ ሆኖ የሚመለጠው ጭርት ከፈረስ ወደ ፈረስ፣ ከፈረስም ወደ ሰው በማበጠሪያና በእጅ የሚተላለፍ በመሆኑ የሚጠራጠሩትን ፈረስ ማበጠሪያ ለሌላ ፈረስ ፈጽሞ አይጠቀሙበት።

ቆዳው ጤናማ ሆኖ ከተገኘ የጥንካሬ ሙከራ ይቀራል። ከጋማው ጥቂት ፀጉር በሁለት ጣት ይዘው በቀስታ ወደ ታች ይሳቡ። አንድ ሁለት ፀጉር ቢወጣ የሚጠበቅ ነው፤ በርከት ብሎ ከነሥሩ ከወጣ ግን ያ ጋማ ተጨማሪ ክብደት ሊሸከም አይችልምና ፈረሱን በራሱ ፀጉር ብቻ ማቅረብ የተሻለ ነው። የሳሳ ጋማ ያለው፣ ግን በወጉ የታጠበና የተበጠረ ፈረስ የሚያሳፍር አይደለም።

የሚቀጠለውን ፀጉር መምረጥ

የመጀመሪያው ምርጫ የፈረስ ፀጉር ነው። የመሰንቆ አውታር የሚሠራው ከፈረስ ጭራ እንደሆነ ሁሉ፣ ዝንብ የሚከላከሉበት ጭራም ከዚሁ ፀጉር ስለሚዘጋጅ፣ የእነዚህን ዕቃዎች ሠሪዎች ጠይቆ ረጅም ፀጉር ማግኘት ይቻላል። ከሁሉ የሚበልጠው ግን የራሱ የፈረሱ ፀጉር ነው። ጭራውን ባበጠሩ ቁጥር በማበጠሪያው ላይ የሚቀረውን ፀጉር ሳይጥሉ፣ ሥሩን ከሥሩ ጋር እያስተካከሉ፣ በጨርቅ ከረጢት ቢያጠራቅሙ በዓመት ውስጥ ጥቂት ዘለላ የሚወጣው ፀጉር ይኖርዎታል፤ ቀለሙም ባዕድ አይመስልም። የጭራ ፀጉር ከጋማ ፀጉር ወፈር ስለሚል ከእያንዳንዱ ዘለላ የተወሰነውን ማሳሳት ያስፈልጋል።

በውበት ሳሎኖች ሂዩመን ሄር እየተባለ የሚሸጠው የሰው ፀጉር ሁለተኛ ምርጫ ነው። ቀጭንና ለስላሳ በመሆኑ ብቻውን ሲቀጠል ይልፈሰፈሳል፣ በትንሽ ነፋስም ከጋማው ተለይቶ ይበተናል፤ ከፈረስ ፀጉር ጋር እኩል በእኩል ሲደባለቅ ግን ያገለግላል። ለሹሩባ መቀጠያ የሚሸጠውን ሰው ሠራሽ ፀጉር አልመክርም። በፀሐይ ላይ የሚያሳየው አንጸባራቂነት ከሩቅ ያስታውቃል፣ በቀላሉ ይወሳሰባል፣ ትኩስ ብረት ሲነካው ይቀልጣል፤ ከሁሉ የሚከፋው ደግሞ ሲያዝ የማይበጠስ መሆኑ ነው።

ቀለም ሲያመሳስሉ ቤት ውስጥ አይወስኑ። የጉራቻ ፈረስ ጋማ በጥላ ሥር ጥቁር መስሎ ይታይና ፀሐይ ላይ ሲወጣ ጫፉ ቀላ ብሎ ይገኛል፤ በድሬዳዋ ፀሐይ የዋለ ፈረስ ላይ ይህ ልዩነት ይበልጥ ጎልቶ ይታያል። የአምባላይ ጋማም ንጹሕ ነጭ አይደለም፤ ወደ ሥሩ ጠየም፣ ወደ ጫፉ ብጫ ያለ ሆኖ ይገኛል። ስለዚህ በአንድ ቀለም ከመቀጠል ይልቅ ሁለት ወይም ሦስት ተቀራራቢ ቀለሞችን በአንድ ዘለላ ውስጥ ማደባለቅ ይገባል፤ ትክክለኛውን መጠን የሚያገኙትም ፀጉሩን በጋማው ላይ አስጠግተው ከአሥር እርምጃ ርቀት በማየት ነው።

ከሌላ ፈረስ የተገኘ ፀጉር ከሆነ ጤንነቱን ከሚያውቁት ፈረስ ብቻ ይውሰዱ። በሙቅ ውኃና በሳሙና አጥበው፣ በደንብ አለቅልቀው፣ ሥሩን በአንድ በኩል አስረው ፀሐይ ላይ ያድርቁት።

ክርና መሣሪያ

ክሩን እኔ የምገዛው ሐረር ውስጥ ከፈረስ መጋላ ወረድ ብሎ ልብስ ሰፊዎች ከሚሠሩበት ከመኪና ግርግር ነው፤ ምክንያቱም እዚያ የሚገኘው የክር ቀለም ብዛት ከጋማ ቀለም ጋር የሚስማማውን ለመምረጥ ያስችላል። (ፈረስ መጋላ ማለት የፈረስ ገበያ ማለት ነው። የፈረስ ክብር በዚህች ከተማ እስከ ምን እንደነበር ለማስታወስ የሐረርጌ ገዥ የነበሩት የራስ መኮንን ፈረስ የቃኘው ስም በ1943 ዓ.ም. ወደ ኮሪያ ለዘመተው ጦር መጠሪያ መሆኑን ማንሣት ይበቃል።) የሚገዛው ተራ የጥጥ መስፊያ ክር ነው። አንዱን ነጠላ ክር በሁለት እጅ ይዘው ድንገት ሲነጥቁት መበጠስ አለበት፤ እጅዎን ቆርጦ የማይበጠስ ክር ለዚህ ሥራ አይሆንም።

ከክሩ ሌላ የሚያስፈልገው ብዙ አይደለም፤ ሰፋፊ ጥርስ ያለው ማበጠሪያ፣ አንድ ጭራው የሾለ የሳሎን ማበጠሪያ፣ ጫፉ ድፍን የሆነ መቀስ፣ ጥቂት የልብስ መቆንጠጫ፣ ትንሽ ሰም፣ መርፌና የሚቆሙበት ጠንካራ በርጩማ ነው። ማጣበቂያ፣ በጉጠት የሚጨመቅ የብረት ቀለበትና ጥርስ ያለው መያዣ ለሰው ፀጉር ያገለግሉ ይሆናል፤ ፈረስ ግን አንገቱን ከግንብ ጋር የሚያሽ፣ ጋማውን የሚያራግፍ እንስሳ በመሆኑ በእሱ ላይ ቆዳ ይልጣሉ ወይም ፀጉር ይነቅላሉ።

ዘለላውን ማዘጋጀት

ይህ ሥራ ቤት ውስጥ ተቀምጦ ከበዓሉ ቀናት በፊት የሚያልቅ ነው። የአገራችን ፈረሶች በአብዛኛው ትንንሽ በመሆናቸው ከጆሮ ኋላ እስከ ትከሻ ያለው የጋማ መስመር 60 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ነው። ከፊትና ከኋላ የሚተወውን ቀንሰን በየ3 ሴንቲ ሜትሩ አንድ ዘለላ ብንቀጥል 15 ያህል ዘለላ ይበቃል። አንዱ ዘለላ ከ5 ግራም እንዳይበልጥ በትንሽ ሚዛን ይመዝኑት፤ ጠቅላላው ከ75 ግራም አይበልጥም ማለት ነው። ዘለላ ማወፈር የሚያጓጓ ስሕተት ነው፤ በእጅ ሲይዙት የሳሳ የሚመስለው ዘለላ በጋማው መካከል ሲገባ በቂ ሆኖ ይታያል።

የተመዘነውን ፀጉር ሥር ሥሩን እኩል አድርገው ያበጥሩት። ከራሱ 1 ሴንቲ ሜትር ያህል በድርብ ክር አጥብቀው ይጠምጥሙት፣ እንዳይሾልክም መርፌውን በመካከሉ ሁለት ሦስት ጊዜ አሳልፈው ይስፉትና በሰም ይሹት። ይህ የዘለላው ራስ ነውና መጠንከር ይችላል። ቀጥሎ አንድ ነጠላ ክር በዘለላው ራስ ላይ ቋጥረው ግራና ቀኝ 15 ሴንቲ ሜትር የሚረዝሙ ሁለት ጫፎች ይተዉለት። ዘለላውን ከፈረሱ ጋር የሚያገናኘው ይህ ነጠላ ክር ብቻ በመሆኑ አደጋ ሲመጣ የሚበጠሰው እሱ ነው። ሰም አይቀቡት፣ አይደርቡት።

ርዝመቱን በተመለከተ ዘለላዎቹ ሁሉ እኩል መሆን የለባቸውም። የተፈጥሮ ጋማ በአንገት መካከል ረዝሞ ወደ ጆሮና ወደ ትከሻ እያጠረ ይሄዳል፤ ስለዚህ በሦስት ርዝመት አዘጋጅተው በየወረቀቱ ቁጥር ጽፈው ቢያስቀምጡ በዕለቱ ከመደናገር ይድናሉ።

ከዋዜማው ቀን የሚከናወን እጥበት

ጋማው በዋዜማው በጠዋት ይታጠብ፤ በዕለቱ የታጠበ ፀጉር ስለሚያሟልጭ ጉንጉኑ ይላላል። የድሬዳዋ ውኃ ጨዋማና ከባድ በመሆኑ ሳሙናው በቀላሉ አይለቅም፤ ሲደርቅም በፀጉሩ ላይ ነጭ ዱቄት የመሰለ ነገር ይቀራል። ለዚህ የሚረዳው በአንድ ሊትር ውኃ ውስጥ አንድ የቡና ስኒ አቼቶ ጨምሮ የመጨረሻውን መለቅለቂያ በእሱ ማድረግና ከዚያ በንጹሕ ውኃ አንድ ጊዜ ማፍሰስ ነው፤ ዓይንና የተላጠ ቆዳ እንዳይነካ ግን ጥንቃቄ ያሻል። ቅቤ፣ ዘይትም ሆነ ማለስለሻ ቅባት በሥሩ አካባቢ አይቀቡ፤ ጉንጉኑን ያሟልጫል፣ የከተማውንም አቧራ ይሰበስባል።

መቀጠል

ፈረሱ ከሐረር ወደ ድሬዳዋ የሚወርድ ከሆነ ሐረር ላይ አይቀጥሉ። መንገዱ ወደ 55 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው፤ ነገር ግን የደንገጎን ቁልቁለት በአይሱዙ ቆሞ የሚወርድ ፈረስ ሚዛኑን ለመጠበቅ አንገቱን ያለ ማቋረጥ ያንቀሳቅሳል፣ ከመኪናው የእንጨት ድጋፍ ጋርም ይታሻል፤ ከ600 ሜትር በላይ ዝቅ ብሎ ሲደርስም ሙቀቱ ያልበዋል። ደርሶ፣ ውኃ ጠጥቶ፣ ከዐረፈና ላቡ ከደረቀ በኋላ ይጀመር። በድሬዳዋ ሥራው ከጠዋቱ 3 ሰዓት በፊት ቢያልቅ ለሠሪውም ለፈረሱም ይበጃል።

ፈረሱን በጥላ ሥር፣ በልባብ፣ በአንድ ሳብታ በሚፈታ ቋጠሮ ያስሩት፤ የሚያውቀው ሰው ከራሱ አጠገብ ይቁም። ድርቆሽ ቢቀርብለት ይረጋጋል። አንዱን ዘለላ አስቀድመው ያሽትቱት፣ አንገቱንም በእሱ ዳሰስ ያድርጉት፤ ከላዩ ላይ የሚንቀሳቀስ እንግዳ ነገር ሲሰማው እንዳይደነብር ይህች ጥቂት ደቂቃ ዋጋ አላት። እርስዎም በትከሻው ጎን ይቁሙ፤ ከፊቱም ከኋላውም ቆመው አይሥሩ።

የቀኙን ወይም የግራውን ወገን አይምረጡ፤ ጋማው በተፈጥሮው የሚወድቅበትን ይከተሉ። ከጆሮው ኋላ የልጓሙ ጠፍር የሚያርፍበትን አራት ጣት ያህል ባዶ ይተዉ፤ በትከሻው በኩልም ኮርቻው ወይም የሰረገላው ጠፍር የሚደርስበትን እንዲሁ ይተዉ። ከዚያ በሾለው የማበጠሪያ ጭራ ጋማውን በርዝመቱ ለሁለት ይክፈሉት፤ የላይኛውን ሽፋን ወደ ሌላው ወገን ገልብጠው በመቆንጠጫ ይያዙት። ዘለላዎቹ የሚታሰሩት በታችኛው ሽፋን ላይ ነው፤ በኋላ የላይኛው ሲመለስ ቋጠሮዎቹን ሁሉ ይሸፍናቸዋል። የላይኛው ሽፋን ቢያንስ ሁለት ጣት ውፍረት ከሌለው ቋጠሮ መደበቅ አይቻልም፤ እንዲህ ባለ ጊዜ የዘለላውን ቁጥር መቀነስ ይሻላል።

ከትከሻው በኩል ይጀምሩ፤ ፈረሱ በዚያ በኩል መነካትን ከጆሮው ሥር ይልቅ ይታገሣል። የክብሪት እንጨት ሁለት ያህል ውፍረት ያለው ጋማ ይያዙና ለሦስት ይክፈሉት። ከቆዳው አንድ ጣት ዝቅ ብለው መጎንጎን ይጀምሩ፤ ከሥሩ አይጀምሩ። ሁለት ጊዜ ከጎነጎኑ በኋላ የዘለላውን ራስ ከጉንጉኑ ጀርባ ያስጠጉ፣ ሁለቱን የክር ጫፎች ግራና ቀኝ ካሉት ዘርፎች ጋር አንድ ላይ ይዘው 3 ወይም 4 ሴንቲ ሜትር እስኪሆን መጎንጎኑን ይቀጥሉ። በመጨረሻ ክሮቹን በጉንጉኑ ጫፍ ላይ ሁለት ጊዜ ዙረው፣ ሲስቡት በሚፈታ ቋጠሮ ይቋጩት፤ የተረፈውን ክር ሳያሳጥሩ ወደ ውስጥ ይደብቁት፤ ማታ ሲፈቱ የሚፈልጉት እሱን ነው።

በሚጎነጉኑበት ጊዜ እጅዎ ሁልጊዜ ወደ ታች ይሳብ፤ ጋማው በሚወድቅበት አቅጣጫ የተጎነጎነ ፀጉር ቆዳውን አይወጥርም። ከጨረሱ በኋላ የጉንጉኑ ሥር ያለው ቆዳ ተነሥቶ ጉብ ብሎ ከታየ፣ ወይም ፈረሱ ያንን ቦታ ደጋግሞ ካንቀጠቀጠ ጠብቋልና ፈትተው እንደ ገና ይሥሩት። እኔ በየአምስት ዘለላው ዐረፍ እላለሁ፤ ፈረሱም አንገቱን ዝቅ አድርጎ ይፈታታል፣ የሠራሁትንም ከርቀት አያለሁ። በግንባሩ ላይ በሚወርደው ፀጉር ላይ ከአንድ ዘለላ በላይ አይቀጥሉ፤ ዓይኑን የሚጋርድ ከሆነም ጭራሹን ይተዉት።

ማዋሐድና መሞከር

የላይኛውን ሽፋን መልሰው በጣትዎ ብቻ ያስተካክሉ፤ ማበጠሪያ የሚነካው ከቋጠሮዎቹ በታች ያለውን ፀጉር ብቻ ነው። ጫፉን ሲያስተካክሉ መቀሱን ወደ ላይ አቁመው በጥቂት በጥቂቱ ይነካኩት፤ በአግድም የተቆረጠ ጋማ የተቀጠለ መሆኑን ከሩቅ ይናገራል። ፈረሱ በዚያ ጊዜ አንገቱን በተፈጥሮው ልክ ይዞ መቆም አለበት፤ ሣር እየበላ የተቆረጠ ጋማ ቀና ሲል ተዛብቶ ይገኛል። ጋማውን ለማሳመር መቀስ ባነሡበት እጅ የአፍንጫውንና የዓይኑን ዙሪያ ጢም እንዳይቆርጡ አደራ እላለሁ። ፈረስ በቅርብ ያለውን የሚዳስሰው በእነዚህ ፀጉሮች በመሆኑ ዓለም አቀፉ የፈረሰኛ ስፖርት ፌዴሬሽን ከ2021 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በውድድሮቹ ላይ ጢማቸው የተቆረጠ ፈረሶችን ከልክሏል።

ሙከራው ቀላል ነው። ፈረሱ ራሱን እስከ መሬት ዝቅ ያድርግ፣ ይራገፍ፣ ከዚያ በያዡ እጅ ጥቂት ሶምሶማ ይሂድ። የወደቀ ዘለላ ካለ መልሰው ይቀጥሉት፤ ሲሮጥ ከሌላው ተለይቶ የሚዘል ካለ ደግሞ ክብደቱ በዝቷል። ጋላቢው ጋማውን ይዞ የመውጣት ልማድ ካለው በዚያ ቀን በርጩማ ይጠቀም።

ዳኞች ባሉበት ትርኢት ላይ አስቀድሞ አዘጋጆቹን መጠየቅ ግዴታ ነው። ደንቡ ከቦታ ቦታ ይለያያል፤ ዳኝነቱ የፈረሱን ዘርና ተፈጥሯዊ መልክ የሚመለከት ከሆነ ፀጉር መቀጠል ማታለል ይሆናል። ለሽያጭ በሚቀርብ ፈረስ ላይም አልቀጥልም፤ ገዥው የሚከፍለው ላየው ጋማ ነውና። ለሠርግና ለበዓል አጀብ ግን እንደ ማንኛውም ጌጥ ነው።

ማውለቅ

የተቀጠለ ፀጉር በፈረስ ላይ አያድርም። ሌሊት ይታሽበታል፣ ላብና አቧራ ከሥሩ ይጠራቀምበታል፣ ቀኑን ሙሉ የተሸከመው ፀጉርም ይደክማል። አጀቡ እንዳበቃ ፈረሱ ውኃ ጠጥቶ ከዐረፈ በኋላ በጀመሩበት ተቃራኒ፣ ማለትም ከጆሮው በኩል ይጀምሩ። የደበቁትን የክር ጫፍ ሲስቡት ቋጠሮው ይፈታል፤ እምቢ ካለ መቀሱን ከጉንጉኑ ጋር ትይዩ አድርገው ክሩን ብቻ ይቁረጡ። ጉንጉኑን በጣት ይፍቱት፤ ሞገዱ እንዲጠፋ ጋማውን በእርጥብ ጨርቅ ያብሱት። ዘለላዎቹን ቆጥረው ይሰብስቡ፤ ከ15ቱ አንዱ ከጎደለ ምናልባት በድርቆሹ ውስጥ ወድቆ ሊሆን ስለሚችል ፈረሱ ሳይበላው ይፈልጉት።

ዘለላዎቹ በለብታ ውኃና በሳሙና ታጥበው፣ ተበጥረው፣ በጥላ ከደረቁ በኋላ በጨርቅ ከረጢት ይቀመጣሉ፤ በፌስታል ከታፈኑ ይሻግታሉ። ነጠላው ክር ለሚቀጥለው ጊዜ አያገለግልም፤ ቆርጠው ጥለው አዲስ ያስሩ። በማግስቱ ጠዋት የጉንጉኖቹን ሥር አንድ በአንድ በጣትዎ ይዳስሱ። የሞቀ ወይም ያበጠ ቦታ ካገኙ በቀዝቃዛ ውኃ በተነከረ ጨርቅ ይያዙት፤ በሁለት ቀን ውስጥ ካልበረደ ለሐኪም ያሳዩት። ምንም ከሌለም በዚያው ጋማ ላይ እንደ ገና ከመቀጠልዎ በፊት ቢያንስ ሦስት ሳምንት ይስጡት።